ከሳጥኑ ስለተመለሰችው የመዝለያ ገመድ

ለተከበራችሁ የቤተ ክርስቲያናችን የልጆች አገልግሎት ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን እንድትረዱልኝ እለምናለሁ፦ ስለ እሷ የምጽፍላችሁ ልጅ ምንም አልጠየቀችም። ይህን ካልኩ በኋላ ለእናንተም ለቤተሰባችሁም ጤና፣ ለስብሰባዎቻችሁም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

በልደት በዓል ልጆች መቀበል ብቻ እየለመዱ ነውና መስጠትንም ይማሩ ብላችሁ የቆየውን ልማድ ለማሻሻል ስትነሱ እኔም ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ። ልጅ መስጠትን ቢማር የሚከፋው መምህር የለምና። ምስጋናዬ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

አንደኛ፣ በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ መዝሙር የሚዘምሩትን ልጆች ሰጪና ተቀባይ ብላችሁ ስለለያችሁልኝ አመሰግናለሁ። ከመካከላቸው ድሃው ማን እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ሳላስተምራቸው ቀርቼ ነበር፤ እናንተ በአንድ ጠዋት አስተማራችኋቸው።

ሁለተኛ፣ ባለፈው በዓል በተቀባዮች በኩል ካቆማችኋቸው አንዷ የልብስ አጣቢዋ ልጅ ነበረች። ስጦታ አምጡ መባሉን ከሌሎቹ ጋር ስለሰማች፣ ከእናቷ አሮጌ ቀሚስና ከአንሶላ ቁራጭ የመዝለያ ገመድ ጎንጉና፣ እንዳይተረተር ጫፎቹን በክር ጠምጥማ አመጣች። የስጦታ መሰብሰቢያው ሳጥን ውስጥ ልታስገባው ስትንጠራራ የተከበሩ ሰብሳቢያችን በፈገግታ መልሰው አስያዟትና፣ «የኔ ቆንጆ፣ አንቺ እኮ ዛሬ ተቀባይ ነሽ» አሏት። ተሳስተዋል አልልም፤ በመርሐ ግብሩ መሠረት ፍጹም ልክ ነበሩ።

ሦስተኛ፣ ወዲያው መድረክ ላይ ጠርታችሁ የክፍል ጓደኛዋን የጠበባት ጫማ አሸከማችኋት። ፎቶ አንሺውም ፈገግ እስክትል ድረስ ታገሳት። ጫማው በልኳ ነበር፤ ይህን ሳልመሰክር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። በተከታዩ እሁድ ጓደኛዋ በሁሉም ፊት፣ «ጫማዬን ጭቃ እንዳታስነኪው!» አለቻት። ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም፤ የተማረችውን ነው የደገመችው።

አራተኛ፣ ልጆቹ አሁን በግቢው ውስጥ ሰጪና ተቀባይ የሚባል ጨዋታ አላቸው። ተቀባይ መሆን የሚወድ ስለሌለ፣ ዕጣ ሳይጣል እሷ ትሆን ነበር። እኔ በዚህ ፍጥነት የገባላቸው ትምህርት አስተምሬ አላውቅም።

ትሆን ነበር ያልኩት መምጣት ስላቆመች ነው። ቤታቸው ሄጄ እናትየውን አነጋገርኳቸው። እጃቸውን ከሳሙናው ሳያወጡ፣ «መምህር፣ ስጦታ ናቀች እንዳይሉብኝ። እኛም እኮ ባዶ እጃችንን አልመጣንም ነበር» አሉኝ። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ሰላም ስላት ገብታ ተደበቀች።

ዘንድሮ ይህ እንዳይደገም የኮሚቴውን ጸሐፊ ብለምናቸው፣ ሰጪና ተቀባይ የሚለው ባነር ታትሟል አሉኝ። ባነር ከታተመ እንግዲህ ምን ይደረጋል! ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ መሆኑን ስለማውቅ ውሳኔያችሁን ትለውጣላችሁ ብዬ አልጽፍም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያቺ ልጅ ብትመጣ፣ እጇ የሠራውን ሳጥኑ ውስጥ እንድታስገባ ይፈቀድላታል ወይስ አይፈቀድላትም?

ወንበር ለመደርደርና ልጆች ዝም ለማሰኘት ዘወትር የሚፈለገው፣ ሐሳብ እንዲሰጥ ግን ተጠርቶ የማያውቀው፣ ከእግራችሁ ሥር ሆኖ በትሕትና እጅ የሚነሳችሁ፣

ጡረተኛው የሰንበት ትምህርት መምህራችሁ

ማስታወሻ፦ የጡረተኛ ኑሮ ከሰጪ ይሁን ከተቀባይ እንደሚመደብ ብታሳውቁኝ ደግ ነው፤ መድረኩ ላይ በየት በኩል እንደምቆም ሳላውቅ ብመጣ ፎቶውን አበላሽባችኋለሁ። ይህ ግን ይቆይ። ለእኔ ባትመልሱም ለእናትየው መልሱላቸው፤ እባካችሁ፣ ከበዓሉ በፊት።