በጭብጨባ የጸደቀው ዓሣ

ለተከበሩ ጓድ ሰብስቤ
የምንጮችና የዓሣ ሀብት ዘመቻ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ናዝሬት

ጓድ ሊቀመንበር፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ኩላሊትዎስ ተሻለዎት? ከወለንጪቲ በታች ያለን ሁላችን፣ ውሃ በጠጣን ቁጥር ሆዳችንን እየያዝን ቢሆንም፣ እርስዎን ጤና ያሰንብትልን ማለታችንን አልተውንም።

ቀጥዬ ለሰፊው ሕዝብ የማስታውቀው ጉዳይ ከባድ ነውና አንባቢ ቢቻለው ተቀምጦ ያንብበው። በጽሕፈት ቤትዎ መግቢያ፣ ከባንዲራው ሥር የተቀመጠችው ትልቋ ብልቃጥ ክዳኗ ተሰንጥቋል። ዓሦቹ የተዘፈዘፉበት አረቄም ሦስት ጣት ያህል ጎድሏል። ትነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ትነት ነው እላለሁ፤ ምንም እንኳ ትነቱ የሚበረታው አንደኛው ዘበኛዎ ተረኛ በሆነበት ቀን ቢሆንም።

ብልቃጧ ውስጥ ያሉትን ለማያውቅ፦ ቀይ ክንፍ የምንላት ዓሣ ከጣት የማትበልጥ፣ ለብ ካለው ምንጫችን በቀር በአዋሽም በቆቃም ታይታ የማታውቅ ነበረች። የሚበላት አልነበረም። የሰፈራችን ሴቶች ውሃ በቅል ሲጨልፉ እሷ ከገባች ውሃው ደኅና ነው ብለው መልሰው ይለቋታል፤ ካልገባች እንስራቸውን ባዶውን አዝለው ይመለሳሉ። ላቦራቶሪያችን እሷ ነበረች፤ ያውም በጀት ያልጠየቀች።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ምንጩን በቦይ ጠልፈው ለመንግሥት እርሻው ቲማቲም ስለሰጡልን፣ እርሻው ጠጥቶ የተረፈውንም ከነተባይ መድኃኒቱ ስለመለሱልን እናመሰግናለን። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ትንኝ የለም። እንቁራሪትም የለም።

፪ኛ. ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ኤግዚቢሽን እያንዳንዱ አካባቢ ሌላ ዘንድ የማይገኝ ሀብቱን ያቅርብ ሲባል፣ ሌላው ናሙና ይዞ ሲመጣ እርስዎ ሀብቱን እንዳለ አስጭነው ስለመጡ ምስጋናችን ወሰን የለውም። በእርስዎ ትእዛዝ ሦስት ቀን ሙሉ ምንጩን በአጎበር ስናጠልል ስድሳ አንድ ቀይ ክንፍ ተገኘ። ወይዘሮ ጉዲቱ የተባሉ የሰፈራችን አዛውንት ለዘር እንኳ ጥቂት ይቅር ብለው ቢለምኑ፣ ከአብዮቱ የሚደበቅ ሀብት የለም ተብለው ተመለሱ። በርሜሉ ናዝሬት ደርሶ ፀሐይ ላይ ቆሞ ሳለ፣ ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር ስለማዋል ያደረጉት ንግግር ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ግሩም ንግግር ነበር። ዓሦቹ መጨረሻውን የሰሙት ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፍፈው ነው። ከመካከላቸው ያማሩት ሰባቱ ብልቃጥ ገቡ።

፫ኛ. በሰፈራችን አሥራ አንድ ሕፃናት በተቅማጥ በወደቁ ጊዜ፣ ጥቅምት ፲ ቀን ስብሰባ ጠርተው ሥጋታችንን ስላስወገዱልን። ዓሣዋ ካልታየች ውሃው አይጠጣም ብለን ብንነሣ፣ ዓሣዋ አለች ወይስ የለችም የሚለው በድምፅ ይወሰን ብለው አቀረቡ፤ መኖሯም በከፍተኛ ጭብጨባ ጸደቀ። ጭብጨባው ጋብ ሲል አንድ ድምፅ ተሰማ፦

«ያጨበጨብንላት ዓሣ አልቃለች፤ የጨረስናትም እኛው ነን።»

በቃለ ጉባኤው እንደሰፈረው ተናጋሪው የወይዘሮ ጉዲቱ ልጅ ጂብሪል ነው። ወንበር አልደርሰው ብሎ በሩ አጠገብ የቆመ እሱ ብቻ ስለነበር ለመለየትም አላስቸገረም። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ጽሑፉን አላማም። ጂብሪል በአሉባልታ ነዥነት ከአዳራሹ በቀጥታ ወደ ቀበሌው እህል መጋዘን ተወሰደ፤ ይኸው ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኑ። እርስዎም በርኅራኄዎ መፈቻ አበጁለት፦ አንዲት ሕያው ቀይ ክንፍ ከቀረበች ይለቀቃል፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ካልቀረበች ወደ በላይ አካል ይላካል። ወደ በላይ አካል ከተላኩት ውስጥ ተመልሶ እንዴት እንደነበር ያወጋን ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

፬ኛ. ወይዘሮ ጉዲቱን በስተርጅና ሥራ ስለሰጧቸው። በየማለዳው የመጋዘኑን ዘበኛ «አካም ቡልቴ» ብለው ሰላም ካሉ በኋላ ወንፊት ይዘው ምንጩን ሲያጠልሉ ይውላሉ። አልሆን ቢላቸው ከቆቃ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩት አስመጥተው፣ ክንፏን በእንሶስላ አቅልመው በቅል አመጡልዎ። እርስዎም ወዲያውኑ ቀይ ክንፍ ተገኘች፣ አሉባልተኞች አፈሩ ብለው በድምፅ ማጉያ መኪና በከተማው ሁሉ አስነገሩ። በማግስቱ ግን ውሃው ቀላ፣ ዓሣዋ ነጣች። ለፎቶግራፍ የያዟት መዳፍዎም እንደ ሙሽራ መዳፍ ቀልቶ ቀረ፤ እንኳን ደስ ያለዎ።

ጓድ ሊቀመንበር፣ በአንድ ነገር ብቻ ግራ ተጋብቻለሁ። የድምፅ ማጉያው ማስታወቂያ እስከ ዛሬ አልተነሣም። ዓሣዋ ተገኝታ ከሆነ ጂብሪል በቃልዎ መሠረት ይፈታል። አልተገኘችም ከተባለ ደግሞ የታሠረበት ንግግር እውነት ነውና ይፈታል። የሚያሳስረውን ሦስተኛ መንገድ እኔ ብፈልግ አጣሁት፤ እርስዎ እንደማያጡት ግን አውቃለሁ፤ የምፈራውም ይኸንኑ ነው። ቀይ ክንፍን ብልቃጥ ከገባች ወዲያ የሚመልሳት የለም። ጂብሪል ግን ገና መጋዘን ነው ያለው።

የብልቃጧ ክዳን እንዲጠገን፣ የመጋዘኑም በር እንዲከፈት ከእግርዎ ሥር ዝቅ ብሎ የሚለምን፣ ለቀይዋ መዳፍዎ ዕድሜ የሚመኝ፣

ገብረወልድ ተክለሃይማኖት
የምንጩ ተጠቃሚዎች ማኅበር ጸሐፊ
ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ግልባጭ፦
– ለቀበሌው እህል መጋዘን ዘበኛ
– ለሰባቱ ዓሦች፣ በብልቃጥ

ተጨማሪ፦ ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የሚገነጥሉት ጓዶች ምስማሮቹን ቢተዉልን ደስ ይለናል፤ ምንጭ የሌለው ማኅበር ምስማር እንኳ ይኑረው።

እርማት፦ በጥቅምት ፲ ቀን ቃለ ጉባኤ ላይ፣ ከላይ ባለው ደብዳቤም በተራ ቁጥር ፫ «ተናጋሪው ጂብሪል ነው» ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ነው። ጂብሪል በዕለቱ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ጥፋቱ ወንበር ማጣቱ ብቻ ነው። ቃሉን ከወንበሩ ሳይነሣ የተናገረው፣ ማነው ተብሎ ሲጠየቅ አንገቱን ደፍቶ የሌላ ሰው ስም የጻፈው ጸሐፊው ገብረወልድ ተክለሃይማኖት ነው። መዝገቡ በዚሁ መሠረት ይታረም። ጸሐፊው ይህን እርማት የጻፈው ቆሞ ነው።