ወደ ጭሱ የተመለሱት «እትዬ ዜሮ»

የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ትናንት ማለዳ በሕክምና ላይ እንዳሉ ማረፋቸውን ለወላጆችና ለወዳጆቻቸው ሁሉ የምናስታውቀው አንጀታችን እያረረ ነው። ሐኪሞቹ በጭስ የተጎዳ ሳንባቸውን ለማዳን ያደረጉት ጥረት አልሰመረም።

መምህርታችን ወደዚህ ትምህርት ቤት የመጡት ገና ከኮሌጅ እንደወጡ ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜያቸው ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ዜሮ ጽፈው፣ «ይህን ከቁጥር አስገብቶ የስሌት ሕግ ያወጣለት ብራህማጉፕታ የሚባል ሰው ነው፤ ከእናንተ ዜሮ የሚያገኝ እሱን ያመስግን» ቢሉ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እትዬ ዜሮ» የሚለው ስም ያን ዕለት ወጣላቸው። እሳቸውም ሲጠሩበት «አቤት» ይሉ ነበር።

ከአሥር ዓመት በፊት የትምህርት ክፍሉን ሲረከቡ፣ ማንኛውም ትምህርት ጀማሪው ሳይነገር እንዳይሰጥ ደነገጉ። ጂኦሜትሪ ከኤውክሊድ፣ አልጀብራ ከአል-ኸዋሪዝሚ ጋር ሳይተዋወቁ አይጀመርም። ጊዜ ይባክናል ብለው ላጉረመረሙ ባልደረቦቻቸው፣ «ሰው ቤት ስትገቡ ባለቤቱን ሰላም አትሉም እንዴ?» የሚል መልስ ነበራቸው።

በሒሳብ ወደኋላ ለቀሩ ልጆች የቅዳሜውን ትምህርት የጀመሩትም እሳቸው ናቸው። ጉንፋን ይዟቸው እንኳ አልቀሩም።

ዘንድሮ የታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንትን ሥራ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ በምድር ቤቱ አዳራሽ አሰናዱ። ዘጠነኛ ክፍልን በአራት ቡድን ከፍለው፣ ለአንዱ ኤውክሊድንና ጂኦሜትሪን፣ ለሌላው አል-ኸዋሪዝሚንና አልጀብራን፣ ለሦስተኛው ሶፊ ዠርሜንንና የቁጥሮችን ጥናት፣ ለአራተኛው ፓስካልንና ፕሮባቢሊቲን ሰጡ። በዋዜማው የአዳራሹ የኋላ በር በተከመረ አሮጌ ዴስክ ተዘግቶ አገኙት። የንብረት ክፍል ሠራተኛው፣ «ለግማሽ ቀን ነገር ይህን ሁሉ ጓዝ የት ልውሰደው?» ቢላቸው፣ «በሩ ካልተከፈተ ልጅ ይዤ አልወርድም» ብለው ድርቅ አሉ። ዴስኩ ተነሣ።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ዐውደ ርእዩ በሚታይበት ሰዓት፣ ከመድረኩ ጀርባ የኤሌክትሪክ ገመድ ተቃጠለ። መብራቱ ጠፋ፤ መጋረጃው ተያያዘ፤ ዋናው ደረጃ በጭስ ታፈነ። ልጆቹ እየተጋፉ መጮኽ ሲጀምሩ፣ አብሯቸው የነበረው የፊዚክስ መምህር እንደነገረን፣ የመምህርታችን ድምፅ ከሁሉም በላይ ተሰማ።

«ማንም እንዳይሮጥ! ጎንበስ በሉ! የፊተኛችሁን ትከሻ ያዙ! በኋላ በር!»

ሁሉም የወጣ ሲመስላቸው በሩ ላይ ቆመው በየቡድኑ ጠሩ።

«ጂኦሜትሪ!»

«አለን!»

«አልጀብራ!»

«አለን!»

«የቁጥሮች ጥናት!»

«አለን፣ ሁላችንም አለን!»

«ፕሮባቢሊቲ!»

መልሱ ተንጠባጠበ። ከቡድኑ አንዲት ልጅ እያለቀሰች፣ «እትዬ፣ ሁለቱ የሉም! ሳንቲም እየወረወሩ ሊቆጥሩ የቲያትር ልብስ ክፍል ገብተው ነበር። ጫጫታው አስቸገረን ብለው» አለች።

የጥበቃ ሠራተኛችን ክንዳቸውን ያዘ። «በእናትዎ እትዬ፣ እሳት አደጋ ተጠርቷል። ትንሽ ይታገሡ!»

«እስኪመጣማ ታፍነው ያልቃሉ። ክፍሉን እኔ አውቀዋለሁ፤ ልቀቀኝ ወንድሜ» አሉት። ሻርፓቸውን ውኃ ነክረው አፋቸው ላይ አሰሩና ተመልሰው ገቡ።

ግቢው ውስጥ ወላጅ የራሱን ልጅ እየፈለገ ይራወጣል። የአውቶቡስ ሾፌር የሆኑት ታናሽ ወንድማቸው ወሬውን ሰምተው እየሮጡ ደረሱ። «እህቴስ?» አሉ። ሰው ሁሉ በሩን ያያል፤ ከበሩ የሚወጣው ጭስ ይጠቁራል። የጥበቃ ሠራተኛው አላስችል ብሎት ሊገባ ሲል አንዱ ልጅ በደረቱ እየተሳበ ብቅ አለ። ወዲያው ሁለተኛው ተከተለ። ከኋላ ሲገፏቸው የነበሩት እጆች የበሩ ደፍ ላይ ቀሩ። ወንድማቸው እነዚያን እጆች ይዘው ጎተቱ።

ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አንድም አልጎደለም።

ሕመማቸውን አብራ ለታመመችው፣ ከአልጋቸው አጠገብ ላልተለየችው ነርስ ልጃቸው፣ እህታቸውን በገዛ እጃቸው ላወጡት ወንድማቸው፣ አብረዋቸው ለኖሩ ባልደረቦቻቸው ሁሉ፣ ፈጣሪ ብርታቱን ይስጣችሁ። አጽናኞቻችሁ ነን ለማለት አፋችን አይደፍርም፤ እኛም ባለሐዘን ነን።

አንድ ቃል ደግሞ ከፕሮባቢሊቲ ቡድን ለሆናችሁት ለሁለታችሁ ልጆቻችን አለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ትምህርት ቤት አልመጣችሁም። «በእኛ የተነሣ ነው» እያላችሁ እንደምታለቅሱም ሰምተናል። ልጃቸው የሚከተለውን እንድናደርስላችሁ አደራ ብላናለች። መምህራችሁ ከማረፋቸው በፊት የኦክስጅን ጭንብሉን ገለጥ አድርገው የነገሯት ነው፦

«እነዚያ ልጆች ይቅርታ ሊሉኝ ቢመጡ እንዳትሰሚያቸው። አስቀምጫቸውና ምሳ ስጫቸው።»

ልጃቸው ቤት ናት። እየጠበቀቻችሁ ነው።