አራት ጣት ትርፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ሱሪ ሦስት፣ የቀሚስ ዚፕ ሁለት፣ የተማሪ ልብስ ኪስ… የኪሱን ቁጥር ተውኩት። እነዚያ ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ድንጋይ ነው እንዴ የሚይዙት?

ከሰዓት በኋላ የራሴን ጨርቅ ቆረጥኩ። ትልቋ ልጄ ሥራ ከያዘችበት ከተማ፣ በመጀመሪያ ደሞዟ ገዝታ የላከችልኝ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ለስላሳ። መቀስ ሲገባበት ድምፅ እንኳ የለውም። «ስመጣ ለብሰህ ተቀበለኝ» የምትል ወረቀት ጨምራበታለች። መጀመሪያ ሱሪው፣ ኮቱ በኋላ ይደርሳል።

የወገብ ልኬን ራሴ ለካሁ። በሃያ ስምንት ዓመት የስፌት ሥራ ያገኘኋት አንድ ጥበብ አለችኝ። ወፈር ያለ ደንበኛ ሲመጣ ቁጥሩን ቀነስ አድርጌ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ እውነተኛውን ደብተሩ ላይ እጽፋለሁ። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ሱሪውም ልክ ይሆናል። ዛሬ ትንፋሼን ሰብስቤ «መቶ አስራ ሁለት» አልኩ። ደብተሩም ላይ መቶ አስራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።

ባለቤቴ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷ አላማረኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሱሪው አልዘጋ አለ። በቁልፉና በቁልፍ ማስገቢያው መሀል መዳፌ ይገባል።

ካውያው ሰብስቦት ይሆን? አዲስ ጨርቅ ሲተኮስ አንዳንዴ ይሰበሰባል… ለባለቤቴ ይህንን ስነግራት «ምስኪን ካውያ» አለች። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቴ ላይ አወረደችና «በል ተንፍስ» ብላ ለካችኝ። መቶ ሃያ አንድ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለካ ስለኔ ነው።

ግድ የለም፣ ከኋላው ስፌት ውስጥ አራት ጣት ትርፍ ጨርቅ አለ። ለደንበኛ ሁለት ጣት፣ ለራሴ አራት። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሰፋው፤ በየዓመቱ ፈታ እያደረግኩ አሰፋበታለሁ። ልፈታው ስል ሱሪውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ቁም ሳጥን ውስጥ ከታ ቆለፈችበት።

«ይሄንን አትፈታውም። ልጅህ የገዛችው ነው። አንተ ትገባበታለህ እንጂ እሱ አይሰፋልህም።»

እየቀለደች መስሎኝ ነበር። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ግን እስካሁን አልሰጠችኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እግሬን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ያነሳሁ መስሎኝ… አላነሳሁም። መኪናው ቀጠለ። መርፌው የግራ ጣቴን ጥፍር በሳው።

ያመመኝ ጣቴ ነው፣ የከነከነኝ ግን እግሬ። እየረገጥኩ እንደሆነ አላወቅኩም። እንዴት ሰው የገዛ እግሩ ያለበትን አያውቅም?

ጣቴን በብጣሽ ጨርቅ ጠቀለልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰፊው ራሱን ሰፋ ተብሎ ይወራልኝ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጥፍሬን አየችው። ከዚህች ሴት ምን ይደበቃል? ሱቁን ዘግታ ይዛኝ ሄደች።

ሐኪሟ ደቃቃ ናት፤ ድምፅዋ ግን ለሁለት ሰው ይበቃል። ደም ተወሰደ። ስኳር አለብዎት አለች፤ ደግሞ የቆየ ነው። ከዚያ አልጋው ላይ አስተኝታ በቀጭን ክር መሰል ነገር እግሬን ልትነካካኝ ሆነ። ሲሰማዎት ይንገሩኝ ብላ ዓይኔን አስጨፈነችኝ። ጠበቅኩ… ጠበቅኩ…

«ይጀምሩ እንጂ» አልኳት።

«ጨርሻለሁ» አለች።

ባለቤቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሁልጊዜ የምትቀልደው ሴት ዛሬ አልቀለደችም። እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

በሐኪሟ ወረቀት ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሄድኩ። ለልጅነት የሚደርስልኝ ወጣት ነው። ክብደቱ ካልወረደ ስኳሩ አይታዘዝም፤ ስኳሩ ካልታዘዘ እግሩ ያሰጋል፤ በዚህ ውፍረትና በዚህ ስኳር ደግሞ ምግብ መቀነስ ብቻውን አይበቃም አለ። እግሬ ከሄደ መኪናውን ማን ይረግጠዋል? ይሄንን እሱ አላለም። እኔ ነኝ ያሰብኩት።

ሁለት መንገድ አለ ብሎ ወረቀት ላይ ሥሎ አሳየኝ። ነባሩ፦ ሆድ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ከጨጓራው አብዛኛው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው እንደ እጅጌ ቀጭን ይሆናል። ብዙ ሰው ላይ፣ ለብዙ ዓመት የታየ ነው። የተቆረጠው ግን አይመለስም፣ ቃርም ያስቸግራል። አዲሱ፦ መቁረጥ የለም። በአፍ ቱቦ ገብቶ ጨጓራው ከውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። ሰውየው ወዲያው ቤቱ ይገባል። ክብደት የሚቀንሰው ግን ያነሰ ነው፤ ስፌቱ ሊላላ ይችላል፤ የሩቁ ዓመት ውጤት ገና እየተጠና ነው።

ይሰፋል ሲል ተነቃቃሁ። ክሩ ምን ዓይነት ነው? ነጠላ ነው ድርብ? ጫፉ በምን ይቋጠራል? ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለኝ።

አስቤበት እንድመለስ ሁለት ሳምንት ሰጠኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ስፌት ነው እንጂ! ሃያ ስምንት ዓመት ሰፍቼ ጨጓራዬን በመቀስ ላስቆርጥ? ስፌት ካላማረ ይፈታል። የተቆረጠ ጨርቅ ግን… ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ለባለቤቴ ወሰንኩ አልኳት። «ሁለት ሳምንት በአንድ ቀን አለቀ?» ብላ ቁልፏን መትከል ቀጠለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ከሱቄ አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ከስድስት ዓመት በፊት ነባሩን ተሠርቷል። ዛሬ ፀጉር ልቆረጥ ብዬ ገባሁ። የገባሁት ለወሬ እንደሆነ ገና ፎጣውን አንገቴ ላይ ሳያስር ነቄ ብሏል።

መጀመሪያ ሰሞን በማንኪያ ነበር የምበላው፣ ግማሽ እንቁላል አጥግቦኝ ያውቃል አለ። ከዚያ ፀጉሩ ረገፈ። እያስተካከለ የሱ ፀጉር ደንበኛው ትከሻ ላይ ሲወድቅ፣ ደንበኛው «ይሄ የማነው?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። ስቄ ስቄ መቀሱን አስቆምኩት። ፀጉሩ ተመልሷል። ቃሩ ግን እስከዛሬ አለ፤ ቀና ብሎ ነው የሚተኛው።

ትቆጫለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጠግቦ መዘርጋት ይናፍቀኛል አለ። ፀጉሩን ከፎጣው ላይ አራግፎ ደግሞ፣ ልጄን ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ አለ።

ስለ አዲሱ ስነግረው በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። «ወንድሜ፣ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል።» ለሱ ቀላል ነው። ሰይጣኑን አንዴ አልፎታል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ልጄ ደወለች። ሱሪው እንዴት ሆነ አለች። አምሯል፣ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው አልኳት። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና «የቁልፉ መድረሻ ነው የቀረው» አለች፣ ስልኩ እንዳይሰማት ቀስ ብላ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ምሳ በልቼ ወደ ሱቅ ስመለስ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አሮጌ ሱሪዎቼን ዘርግታ ጠበቀችኝ። ሰባት ናቸው። ሁሉንም ገልብጣቸዋለች።

እያንዳንዱ ሱሪ ከኋላው የድሮው ስፌት ቀዳዳ ይታያል። አንድ መስመር፣ ከሱ ቀጥሎ ሌላ፣ ከሱም ቀጥሎ ሌላ… በየዓመቱ የፈታሁት። ግራጫው ላይ አራት መስመር ቆጠርኩ። እነዚህን ሁሉ በገዛ እጄ ነው የፈታኋቸው፣ መልሼም በጥሩ ስፌት የሰፋኋቸው። አንዱም አይቆራመድም።

«አዲሱ መጥፎ ነው አላልኩም» አለች። «ለሌላ ሰው ጥሩ ይሆናል። አንተ ግን አዲሱን የወደድከው አዲስ ስለሆነ አይደለም። የሚፈታ መስሎህ ነው። ገና ሳትገባበት መውጫውን እየፈለግክ ነው።»

ሱሪዎቹን አጣጥፌ ከጠረጴዛው አነሳኋቸው። ሥራ አለብኝ አልኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3

አኮረፍኩ። ምሳ ግን በላሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

አሁንም ኩርፊያ ላይ ነኝ። አንዲት ደንበኛ ለቀጭን ሐር ቀሚሷ ወገቡ ላይ እጥፋት ጨምርልኝ አለችኝ። እሜቴ፣ ይሄ ጨርቅ ሲወጠር ስፌቱ ይበላዋል፣ ለሌላ ጨርቅ ይሆናል ለዚህ አይሆንም አልኳት። ተናግሬ ስጨርስ ባለቤቴ ጥግዋ ላይ ሆና ቁልፍ ትተክላለች። ቀና አላለችም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቋን እየዋጠች ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ወደ ቀዶ ሐኪሙ ተመለስን። ሁሉንም ነገርኩት። በየዓመቱ መፍታቴን፣ አራት ጣቱን፣ መቶ አስራ ሁለቱን። ኑዛዜ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ወጣቱ አልሳቀም።

ስፌቱ እንደ ሱሪ ተፈትቶ እንደ ድሮው የሚሆን እንዳይመስልዎት አለ። ከኔ በቀለለና ስኳሩ ባልጠናበት ሰው ላይ ቢሆን አዲሱን ሳይፈራ ይሠራው ነበር። የኔ ስኳር ግን ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ ስለዚህ ረጅም ዓመት የታየውን ይመርጣል። እሱም ቢሆን አፍ ካልተገታ ዋስትና የለውም አለ።

«ይቁረጡት» አልኩት።

ከዚያ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ነርሷ ቁጥሩን በዝግታ ልታነብልኝ አጎነበሰች። ጮክ ብላ እንድታነበው ጠየቅኳት። ጮክ ብላ አነበበችው። ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 26

ዛሬ ነው። ፈራሁ። ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ባለቤቴ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጣ የሰው ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ትተክላለች። እዚህም ሥራዋን ይዛ መጥታለች። አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ፈትታ ተከለችው። እሷም ፈርታለች።

እሑድ፣ ኅዳር 29

ተርፌያለሁ። ውሃ በማንኪያ። አራተኛው ማንኪያ አሸነፈኝ… እኔን! የድግስ ቤት ድስት የማላስተርፈውን ሰውዬ!

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ሾርባ ሰልችቶኛል። ዛሬ ቆራጡን ሐኪም ረገምኩት፣ ባለቤቴንም ጨመርኩ። ግማሽ እንቁላል ሰጠችኝ። ቀስ ብዬ በላሁት። ጣፈጠኝ። እርግማኑን አነሳሁ፣ የሷን ብቻ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ፀጉሬ ረገፈ። ማበጠሪያው ላይ ሙሉ ቁንድላ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ። ሳቅኩ፣ ግን ትንሽ ከፋኝ። ስኳሩ ግን ወርዷል። ሐኪሟ አንዱን መድኃኒት አስቆመችኝ።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 27

ልጄ በጠዋቱ አውቶቡስ ትመጣለች። ባለቤቴ ሳልጠይቃት ቁም ሳጥኑን ከፈተች። ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መጀመሪያ ግን ሜትሩን አነሳች።

«ተንፍስ።» ተነፈስኩ። «መቶ አስራ ሁለት» አለች።

አላመንኳትም። የኔው ጥበብ ናት፤ ጮክ ሲሉ ይቀነሳል። አሳንሰሽልኝ ነው አልኳት። ሜትሩን ዓይኔ ሥር አመጣችው። ደግሜ ራሴ ለካሁ፣ ሆዴን ለቅቄ። መቶ አስራ ሁለት። ጥቅምት ላይ የዋሸሁት ቁጥር፣ ስድስት ወር ገደማ ዘግይቶ እውነት ሆነ።

ሱሪው ተዘጋ።

እግሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። አውራ ጣቴ ገና ተኝቷል፤ እንደተኛ ሊቀር ይችላል ብላኛለች ሐኪሟ። መኪናው ላይ ስቀመጥ አሁን በዓይኔ አየዋለሁ፣ አለ ወይ ብዬ። ድንዛዜው ግን ወደ ላይ አልወጣም። ለዚህ አመሰግናለሁ።

ልጄ በሩ ላይ ስታየኝ ሻንጣዋን መሬት ላይ ለቀቀችው። ዞር በል አለችኝ፣ ዞርኩ። «አባዬ፣ ልክ እኮ ነው! ይሄን ያህል ጊዜ የፈጀብህ ለዚህ ነው?» አዎ፣ ለዚህ ነው አልኳት። እናቷ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን በሜትሩ ጫፍ ጠረገች።

እነሱ ሻይ ላይ ሲሆኑ ሱሪውን ቀይሬ ይዤው ወደ ሱቅ ገባሁ። ገለበጥኩት። አራቱ ጣት ትርፍ እዚያው ነው፣ በሥርዓት ታጥፎ፣ እኔን እየጠበቀ። መቀሱን አነሳሁ። ትንሽ ቆምኩ… እውነቱን ለመናገር ብዙ ቆምኩ። ትርፉን ከላይ እስከ ታች ቆረጥኩት። ብጣሹን የመኪና ዘይት መጥረጊያ አድርጌዋለሁ።

ከእንግዲህ ብወፍር ይሄ ሱሪ አይሰፋልኝም።