ለዛፉ ልክ የቆመችው

ጥቅምት 6
ገሳይ፣ እናቴ አገር ደርሼ መጣሁ። ከእማዬ ጋር የደብሩ ደን ገባን። ያለ እሷ ማን ያስገባኛል? ካህናቱ ካሜራ ሲያዩ ይቆጣሉ፤ "የፈንታነሽ ልጅ ነው" ሲባል ዝም ይላሉ።

የጠዋቱ ብርሃን በዝግባዎቹ መሀል ሲወርድ... ኧረ እንዴት ያለ ነው! እዚህ ፍላሽ ማብራት ነውር ነው። እማዬን እንደ ልማዳችን ግንዱ ሥር አቆምኳት፣ ለዛፉ ልክ። ሰው ካልቆመበት የዝግባው ትልቅነት በምን ይታወቃል?

"ዞር በይ እማዬ፣ ወደ ላይ እዪ።"

"ዛሬም ጀርባዬን? ፊቴ ምን በደለህ?"

ሳቅሁ። ፊትሽን ሌላ ቀን፣ እዚህ ጥላው ይከብዳል አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ዞረች። ጥሩ ወጣ።

ጥቅምት 13
ደብረ ታቦር፣ ስቱዲዮ። ቀኑን ሙሉ ጉርድ ፎቶ። ልቤ ግን ደኑ ውስጥ።

ጥቅምት 14
እማዬ...

ጥቅምት 17
ደም ግፊት ነው አሉ። ደህና ተኝታ አልነቃችም።

ቀብሩ ላይ ታላቅ እህቷ እትዬ የሺ ደረታቸውን እየደቁ "ፎቶዋን አምጣ፣ ይዤ ላልቅስ!" አሉኝ። ሰው ሁሉ የሟቹን ፎቶ ይዞ ነው የሚያለቅሰው። እኔ ፎቶ አንሺው የለኝም!

"ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል" አሉ። "ለአርባዋ ፊቷን ይዘህ ካልመጣህ ዓይንህን እንዳላየው።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት?

ጥቅምት 25
ያነሣሁትን ሁሉ አገላበጥሁ። ጀርባ። ጀርባ። ጎን፣ እሱም በነጠላ የተሸፈነ። አንዱ ላይ ወደ እኔ ዞራለች... ፀሐይዋ ከኋላዋ ናት፣ ፊቷ ጥቁር። በኮምፒውተር ላፍካው ብዬ ታገልሁ፣ አመድ መሰለ። የቅጠሉ ጅማት እንኳ ይታያል እኮ! የእናቴ አፍንጫ የት አለ?

መታወቂያዋ ላይ ማኅተሙ ዓይኗ ላይ አርፏል። በእህቴ ሰርግ ጓዳ ነው የዋለችው። ስልክ ያለውን ሁሉ ጠየቅሁ። የለም። በአዛኝቷ፣ ምን ላድርግ?

ኅዳር 9
ብቻዬን ደን ሄድሁ። ምን ልፈልግ? ካህኑ "ግባ፣ የፈንታነሽ ልጅ" አሉኝ። ብርሃኑ ያው የዚያን ቀኑ ነው። ካሜራውን አነሣሁ። ግንዱ ሥር ማንም የለም። ዛፉ ትልቅ ይሁን ትንሽ አይታወቅም። አንድም ሳላነሣ እያለቀስሁ ወጣሁ።

ኅዳር 22
ነገ አርባዋ ነው። የጥቅምት 6ቱን በትልቁ አተምሁት። ዝግባው ሙሉ፣ እሷ ከታች እንደ ነጭ ነጥብ። አትሜ እንደጨረስሁ መብራት ሄደ፣ ላሚኔት አልተደረገም፣ ፕላስቲክ አልለበሰም። እንዲሁ እወስደዋለሁ። ሌላ ምን አለኝ?

ኅዳር 23
እትዬ የሺ አዩትና "የታለች?" አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው። ይጮሁብኛል ስል ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

"እሷው ናት። አቋቋሟ" አሉ፤ ነጥቧን ሳሙ። ከዚያ ሴቶቹ እየተቀባበሉ፣ እያለቀሱ፣ እዚያችው ላይ ሳሙ። ማን ይከልክላቸው?

ሰው ሲበተን ፎቶውን መለሱልኝ። በእንባው ቀለሙ ፈስሷል። በዙሪያዋ ያለው አረንጓዴ ሰፍቶ እሷ የነበረችበትን ሸፍኖታል። እህቴ ሌላ አትም ትለኛለች። ምኑን? ጀርባዋን?

ዝግባው ግን ምንም አልሆነም። ቅጠሉ አንድ በአንድ ይታያል።