በወረቀትህ ላይ ያለችው መስታወት

ለባሌ ለአያልነህ፣ ካለህበት ይድረስህ።

ከተለያየን ዘጠኝ ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነን። ጤናህን ልጠይቅ ብዬ ጀመርሁና እጄ ተያዘ፤ ለአንተ የጤና ነገር አብቅቷል። አብዮታዊ ሰላምታ የሚሉትንም ለቀበሌ ትቼዋለሁ፤ አንተም ግድ ካልሆነብህ አትጽፈውም ነበር። እኔ ትርንጎ እንዲያው እንደ ሚስት ነው የምጽፍልህ፤ ተቆጥታ እንደ ከረመች ሚስት።

ዓባይ ማዶ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። የጓሮው ሎሚ ዘንድሮ አፈራ። ወንድምህ ደሳለኝ አብሮኝ ነው፤ ዶቅዶቄህን መንዳት ለምዷል። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ግን አብዛኛውን ቀን ጆንያ ለብሳ ሎሚው ሥር ትውላለች። ዶሮዎቹ መቀመጫዋ ላይ ያድራሉ። ብታይ እኔንም ዶሮዎቹንም አንድ ላይ ታባርረን ነበር።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። ወባዋ አንተን በሦስት ቀን ከነጠቀችኝ በኋላ፣ ልብስህን ለንስሐ አባታችን ልሰጥ ኪስህን ስፈትሽ አንዲት ከደብተር የተቀደደች ወረቀት አገኘሁ። የእጅህን ጽሑፍ አላጣውም፤ ለተማሪ እንደምትጽፈው አስተካክለህ ነው የጻፍሃት። እንዲህ ትላለች፦ «መስታወት። ቅዳሜ፣ ሐሙሲት። አጭሯ አትሆነኝም፣ ረዘም ያለችው ትሁን። ጠይሟ ሲመሽ ታስቸግራለች፣ ፈካ ያለችው ትሻለኛለች። ትርንጎ እንዳትሰማ።»

እስቲ አንተው ፍረድ! ሐሙሲት የምታስተምረው ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። ቅዳሜ ምን አለህ? የመሠረተ ትምህርት ስብሰባ አለብኝ እያልህ ስንት ቅዳሜ ሄደህብኛል። እኔም ሞኟ ስንቅህን ቋጥሬ እሸኝህ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ ተመነጠርሁ አልሁ። መስታወት የምትባል ሴት፣ ያውም አማርጠህ ያገኘሃት!

ወረቀቷን ለሰው እንዳላሳይ ደግሞ ዘመኑን ታውቀዋለህ። አጭርና ረዥም የሚል ጽሑፍ ከመምህር ኪስ ተገኘ ቢባል፣ ሽጉጥና ጠመንጃ ነው ብለው ደሳለኝን ይወስዱት ነበር። ጡቴ ሥር ደበቅኋት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ምነው ጠመንጃ በሆነልኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ።

የአርባህ ዕለት ዓይኔ ደረቅ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያለቅስልህ እኔ ቆሜ ወጥ አወጣሁ። ጎረቤት ጽናቷን አያችሁ፣ የጨዋ ልጅ ናት አለ። ጽናት አልነበረም አያልነህ። ለማን ነው የማለቅሰው፣ ለእኔ ባል ነው ወይስ ለሷ ውሽማ ብዬ ነው። ያ ዕንባ ሳይወጣ ቀረ፤ ምግብም እንቅልፍም ከለከለኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሥራዬ የሴቶችን ስም መጠየቅ ሆነ። በሰፈራችን ሁለት መስታወት አሉ። አንዷ ገና ክርስትና የተነሣች ሕፃን ናት። ሁለተኛዋ እማሆይ ናቸው፣ ጥርስ የላቸውም። እሳቸውንም አልማርኋቸውም፤ እጅ ስነሣ ረዥም ይሁኑ አጭር በዓይኔ ለካኋቸው። ደሳለኝንም ጠርጥሬዋለሁ፤ የወንድሙን ምስጢር ይዞ ነው እንዲህ የሚታዘዘኝ እያልሁ ስንት ቀን ፊት ነሣሁት።

በመጨረሻ ባለፈው ወር ለቅሶ ልደርስ ነው ብዬ ዋሸሁና በአውቶቡስ ሐሙሲት ወረድሁ። ሻይ ቤት ገብቼ ባለቤቲቱን መስታወትን ታውቂያት እንደሆነ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ ምንም ሳይመስላት፣ መምህሩ ያስመጣት መስታወት ናት? እሷማ ጋሽ ሰይድ ቤት ናት አለችኝ። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ።

ጋሽ ሰይድ ሞተር ጠጋኙ ናቸው፤ አንተ ታውቃቸዋለህ፣ እኔ ያን ቀን ነው ያየኋቸው። የአያልነህ ሚስት ነኝ፣ መስታወትን አውጡልኝ አልኋቸው። ነፍስ ይማር ብለው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ፣ እንኳን መጣሽ፣ ስምንት ወር ሙሉ ቤቴ ተቀምጣ አቧራ ስትጠጣ ወላሂ አሳዝናኝ ነበር፣ ውሰጂያት አሉኝ። ጓዳ ገቡ። እኔ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ ለጠብ ተዘጋጀሁ። ከአልጋ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለች ሰፊ ነገር ስበው አወጡና ፈቱልኝ።

መስታወት! የዶቅዶቄ መስታወት፣ ፊት ለፊት ተገጥሞ ነፋስ የሚከለክለው፣ ወፍራም ፕላስቲክ። ለመኪና እንጂ ለዶቅዶቄ መስታወት አለው ብሎ ማን ያስባል? ከአስመራ ሦስት አስመጥተው አስመርጠውህ ኖሯል። አጭሯ ከደረት አታልፍም። ጠይሟ ሲመሽ መንገድ አታሳይም። ረዥሟን መረጥህ፤ እሳቸው ደግሞ ጫፏ ከነጂው አፍንጫ በላይ መውጣት የለባትም፣ በላይዋ ነው የሚታየው ብለው ተከራከሩህ። አንተ ግን ከኋላዬ የምትቀመጥ አለች፣ ነፋሱ እሷ ጋ እንዳይደርስ ነው ብለህ አሸነፍሃቸው፤ ያ ቅዳሜ ሁሉ በዚህ ክርክር ያለቀ ኖሯል።

ከኋላዬ የምትቀመጥ አለች ሲሉኝ ጥርጣሬዬ እንደገና ተነሣ፤ ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው። ማን ናት አልኋቸው። ሳቁብኝ። ዓባይ ድልድይ ላይ ነፋስ ነጠላዋን ነጥቆ ውሃ ውስጥ የጣለባት፣ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ዶቅዶቄ ላይ አልቀመጥም ብላ በማርያም የማለች ሚስት አለችኝ ብሎኛል አሉ። እውነት ነው፤ የጥምቀት ዕለት፣ በአዲሱ ነጠላዬ፣ አገር ሁሉ እያየኝ። አንተ ስትስቅ እኔ ባዶ ራሴን በእግሬ ቤት ገባሁ። ለካ ስትስቅብኝ ብቻ አልከረምህም።

በሳምንቱ ደሳለኝ ዶቅዶቄዋን ነድቶ፣ እኔ በአውቶቡስ ወደ ሐሙሲት ተመለስን። ጋሽ ሰይድ መስታወቷን የሚይዙትን ሁለት ክንዶች መሪው ላይ አሰሩ፤ እንዳትንቀጫቀጭ ከአሮጌ ከመነዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ ከሚነፋው፣ ቆርጠው መሐል አስገቡ። መሪው ሲዞር ታችኛው ጠርዝ ነዳጅ ማጠራቀሚያውን ነካ፤ ፈቱና ትንሽ አዘንብለው ደግመው አሰሩ። እያንዳንዷን ብሎን በጣቴ ሞከርሁ፤ በሆዳቸው ረግመውኛል መሰለኝ። ደሳለኝ ካንተ ስለሚያጥር ጫፏ ከዓይኑ በላይ ሆነች። ጋሽ ሰይድ መጋዝ አንሥተው ለሱ ልክ እንቁረጣት አሉ። አትነኳትም አልሁ። በውስጧ እያየ ይንዳ፤ እኔ አጸዳለታለሁ።

መሐላዬን ንስሐ አባታችን ይፍቱልኝ ብዬ ከኋላ ተቀመጥሁ፤ ቤታችንን አልፈህ እስከ ዓባይ ድልድይ ውሰደኝ አልሁት። ነጠላዬ ንቅንቅ አላለም። ድልድዩን ሳናልፍ ፊቴ ራሰ። ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስ የለም፣ ከልክለኸዋል። አያልነህ ብዬ ጮህሁ። ደሳለኝ የወደቅሁ መስሎት አቆመ። እመንገዱ ዳር ተቀምጬ የአርባህን ለቅሶ ያን ቀን አለቀስሁልህ፤ መንገደኛው ሬሳ ያለ መስሎት እየቆመ አብሮኝ አለቀሰ።

ይቅር በለኝ። አፈር የለበሰ ሰው ጠርጥሬ፣ ስምህን እንኳ በጸሎቴ ሳልጠራ ከረምሁ። ከእንግዲህ በየቅዳሴው ስምህን ሳላስጠራ አልውልም፣ ሙት ዓመትህንም ደረቴን እየመታሁ ነው የማወጣው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ እዚያ ማዶ መስታወት የምትባል ሴት ብታገኝ፣ እጅ ነሥተህ ብቻ እለፍ። እኔ እስክመጣ ከኋላህ ማንንም አታስቀምጥ።

ሚስትህ ትርንጎ