ሲለቀው እንለቀዋለን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? የወለቁት ጥርሶችህስ፣ የድድህ እብጠት ጎደለልህ ወይ? እህል ማላመጥ ጀመርክ? እማዬ እንዴት ናት፣ ወገቧ ቀና አለላት? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? በያላችሁበት ሰላማችሁ ይብዛ። ናፍቆቴ ልክ የለውም። ቁጣዬም እንደዚያው ልክ ስለሌለው ሁለቱን ባንድ ፖስታ ልኬልሃለሁ።

አሁን «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፣ የደብዳቤ ወጉ እሱ ነው። በማኅበራችን ግን ይህቺ ቃል ክልክል ናት። ማኅበር የምልህ እንደ እኔ ባይፖላር የሚሉት፣ ስሜትን ሰማይ አውጥቶ የሚያፈርጥ የአእምሮ ሕመም ያለብን ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ የአንዲት ፀጉር ሠሪ ሱቅ ውስጥ የምንሰበሰብበት ነው። ሴትዮዋ ራሷም ሕመሙ አለባት፤ ኮማንደር እንላታለን። «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ላይ ትጮህበታለች፤ ስንት ሰዓት ተኛህ፣ ምን በላህ፣ ማንን ሰደብክ፣ እሱን ንገረኝ ትላለች። ስለዚህ በእሷ ወግ ልንገርህ። ሌሊቱን ተኝቻለሁ፤ መድኃኒቴን ውጫለሁ፤ ቁርሴን በልቻለሁ፤ ዛሬ እስካሁን ማንንም አልሰደብኩም፣ አንተን ግን ልሰድብህ ነው። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰብሮ ጄሶ ውስጥ ነው። ጽሑፌ የዶሮ ጭረት የመሰለው በግራዬ ስለምጽፍ ነው።

ስልክ ደውዬ ነበር፣ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ደብዳቤ አይዘጋም። ብትቀደው እንኳ እማዬ ለቃቅማ ታስነብበዋለች፣ አውቃታለሁ።

ከመዝጋትህ በፊት የነገርከኝን እደግምልሃለሁ፣ በጽሑፍ ስታየው ምናልባት ይሰማህ ይሆናል። ማሙሽ፣ ጢም አውጥቶም ማሙሽ የምንለው ታናሻችን፣ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የሚባል አላየም። የቤቱን በሮች ሁሉ ከማጠፊያቸው ነቅሎ ግቢ ውስጥ ከመረ፤ በዚህ ቤት በማንም ላይ በር አይዘጋም አለ። መዶሻውን ልትቀማው ስትል አፍህን ብሎ ሁለት ጥርስ አወለቀ። አንተና ጎረቤታችን መካኒኩ ጓሮ ክፍል ካለው የብረት አልጋ ጋር በሰንሰለት ጠፈራችሁት። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቅህ «ሲለቀው እንለቀዋለን» አልከኝ። ወይ ጉድ! እንደ ዳኛ ፈረድክበት።

ያንን አልጋ ከአንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። አንዱ እግሩ አጭር ነው፤ በተንቀሳቀስክ ቁጥር ግድግዳውን ይመታል። እኔን ያሰርክበት በገመድ ነበር፣ ለማሙሽ ሰንሰለት ሆነለት። እድገት ነው መቼም! የገመዱ ጠባሳ ዛሬም ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለ። ሱሪዬ ላይ ሸንቼ ቀኑን ሙሉ ተኝቼበታለሁ። ውሃ ስጠይቅህ ቀበቶህን ፈትተህ መጣህ፤ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» እያልክ ነበር የገረፍከኝ፣ ተረቱንና ቀበቶውን እያፈራረቅክ። ከቀበቶው ይበልጥ ያመመኝን ታውቃለህ? ጨርሰህ እጅህን ታጥበህ ምሳህን ስትበላ በግድግዳው ማዶ ሰማሁህ። ጠላሁህ፣ ጋሼ። ያን ቀን እጄ ቢፈታ እገድልህ ነበር። በሽታው አልነበረም የሚገድልህ፣ እኔው ራሴ ነበርኩ።

ከዚያ ለቀቀኝ። አንተም ገመዱ አዳነው ብለህ ለሰፈሩ አወራህ። ኧረ ተወኝ! ይሄ ሕመም ሲመጣም ሲሄድም ለገመድ ብሎ አይደለም። ቆይቶም ተመልሶ መጣብኝ። መከራው መክሮኛል፣ አልዋሽም፤ የመከረኝ ግን መደበቅን ነው። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ሐሳቤ ልጓሙን በጥሶ ሲሮጥ፣ ጋሼ ጀመረኝ ልልህ እነሳና አልጋው ትዝ ይለኛል። ዝም እላለሁ። ዝም እንዳልኩ ሻንጣዬን አንስቼ ወጣሁ። እናንተ ሥራ ፍለጋ የሄድኩ ይመስላችኋል። የሸሸሁት ገመድህን ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ታለቅስ ይሆናል፤ ታልቅስ፣ እኔም እያለቀስኩ ነው የምጽፈው።

አሁን አንጓዬን ማን እንደሰበረው ልንገርህና ራስህ ፍረድ። የምሠራው በርና መስኮት የሚበየድበት ቤት ነው። ከማኅበራችን አንድ የጭነት መኪና ሹፌር አለ፣ ሲስቅ መንደሩን ስለሚያስደነግጥ ጡሩምባ እንለዋለን። ጡሩምባ ተሻለኝ ብሎ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አቆመ። በዚያ ላይ ረጅም ጉዞ ተቀብሎ ሌሊቱን መሪ ላይ ያድር ጀመር። ቅዳሜ ቀረብን። ስንደውልለት ደህና ነኝ ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ ብየዳ ቤቱ ከች አለ፤ ዓይኑ ደም መስሏል፣ ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። ያለ ነዳጅ የሚሄድ ሞተር ፈልስፌ ነበር፣ አንተ ከጭንቅላቴ ሰረቅከኝ አለኝ። መልስ ሳልሰጠው የብረት ቱቦ አነሳ። የመጀመሪያው ምት መስታወቱን አረገፈው። ሁለተኛው አንጓዬ ላይ አረፈ፣ አጥንቴ ቀሽ ሲል ሰማሁት። ሦስተኛው ጭንቅላቴን ነበር የፈለገው፣ ጎንበስ ስል የብረት መቁረጫውን አገኘው።

የሥራ ጓደኞቼ ያው እንደ አንተ ናቸው። አንዱ መዶሻ አነሳ፣ አንዱ ፌሮ። አለቃችን ጥቅል ሽቦ ይዞ ጠፍራችሁ እሰሩት እያለ ጮኸ። ጡሩምባ ሽቦውን ሲያይ ባሰበት፤ ቱቦውን ወርውሮ የአለቃችንን ግንባር ተረተረው። ወለሉ ደም በደም ሆነ። ያኔ የተሰበረ እጄን በጤነኛው ደግፌ መሃል ገባሁና፣ እሱን የሚያስር ሰው መጀመሪያ እኔን ይሰር አልኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስልህ። ሽቦውን ሳየው ሱሪዬ እንደ ድሮው የራሰ መስሎኝ ነው።

ጡሩምባ ጤነኛ ሳለ በገዛ አፉ የነገረን ነገር ነበር። ሁላችንም እንናገራለን፣ ሲብስብኝ እንዲህ አድርጉኝ፣ እንዲህ አታድርጉኝ ብለን። እሱ ከኋላዬ አትምጡብኝ፣ ጫጫታ አጥፉልኝ፣ እህቴን ጥሩልኝ፣ አትዋሹኝ ብሎን ነበር። ማሽኖቹን አጠፋን፣ ሰዉን አስወጣን፤ ለእህቱና ለኮማንደር አስደወልኩ። ኮማንደር የደንበኛዋን ፀጉር ግማሹን ሠርታ ግማሹን ትታ መጣች። ባዶ እጇን እያሳየች ገብታ ራቅ ብላ ከፊቱ ተቀመጠች። እህትህ እየመጣች ነው፣ ከዚያ ሐኪም ቤት ልንሄድ ነው አለችው። ተፋባት። ፊቷን ጠርጋ ያንኑ ደገመችለት። ወንበር ወረወረባት፣ ዘወር ብላ ያንኑ ደገመችለት። እህቱ መጥታ እጁን እስክትይዘው ድረስ እንዲህ ሆንን። በመጨረሻ እያለቀሰ በገዛ እግሩ መኪና ውስጥ ገባ።

የማልደብቅህ ነገር፣ ሐኪም ቤት መርፌውን ሲያይ እንደገና ተነሳበት፣ አራት ሰው ያዘው። መድኃኒቱ ሲሠራ ለቀቁት። ጋሼ፣ አንተ የምታምታታው እዚህ ላይ ነው። መያዝ ሌላ፣ ማሰር ሌላ። የያዘ ሰው አጠገቡ ነው፤ ያሰረ ሰው ሄዶ ምሳውን ይበላል።

ትናንት ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ጄሶዬን አይቶ ማን ነው እንዲህ ያደረገህ አለኝ። ነገርኩት። ግንባሩን ጄሶው ላይ ደፍቶ ተንሰቀሰቀ። ቀና ሲል ግን፣ ለሹፌር ጥሩ ምት ነው አይደል አለኝ። የማይረባ! እየሳቅን ነርሷ አስወጣችኝ።

እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው ብለህ እንደተረትክብኝ ሰምቻለሁ። ይኸው ስንቱ ቀን መሸልኝ። ሐኪሙ ደሜን እየመረመረ መድኃኒቱን ይለካልኛል፣ ሳልጠይቀው አላቋርጥም። በሰዓቴ እተኛለሁ፣ በሰዓቴ እነሳለሁ። አለቃዬ እጥፍ እከፍላለሁ ቢልም የሌሊት ሥራ አልነካም። መጠጥ ትቻለሁ። ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። ቅዳሜ ማኅበሬ አለ፤ እንቅልፌ ከተዛባ ከእኔ በፊት እነሱ ያውቁብኛል። የጡረተኛ ሽማግሌ ኑሮ ነው፣ አንዳንዴ ይደብራል። ቢሆንም የራሴ ነው፤ ለማሙሽም የምመኝለት ይህንኑ ነው።

አሁን የምልህን አድርግ። ልጆቹን ለአክስታችን ስጣቸው። መዶሻውን፣ ቢላውን፣ ስለት ያለውን ሁሉ ከቤት አውጣ። ሬዲዮውን አጥፋ። ከፊቱ ተቀመጥና ሐኪም ቤት እንደምትሄዱ እውነቱን ንገረው፤ እኔን ሥራ አግኝቼልሃለሁ ብለህ ወደ ጓሮው ክፍል እንዳታለልከኝ አታታልለው። ስለ በሮቹ አትከራከረው። ደግሞስ ተሳስቷል እንዴ? መካኒኩ ለማሰር ከረዳህ ለመውሰድም ይርዳህ፣ መኪና አለው። ሰንሰለቱን ስታወልቅለት ብቻህን አትሁን። ሊመታህ ይችላል፣ አልዋሽህም። የአንተን ዱላ እኔ ችዬዋለሁ፣ አንተም የእሱን ቻል። ሐኪሙ ለምን አሰራችሁት ብሎ ቢቆጣህ አንገትህን ደፍተህ ስማው። ጄሶዬ ይፈታ እንጂ እኔም እመጣለሁ፤ ማሙሽ ፊት ቁጭ ብዬ፣ እንደ እሱ የታመመ ሰው ምን እንደሚመስል አሳየዋለሁ።

አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱን የተሸከምከው አንተ ነህ። ፈርተህ እንዳሰርከው አውቃለሁ፤ እኔንም ፈርተህ ነው ያሰርከኝ። ይህን ሁሉ አውቄ አሁንም እናደድብሃለሁ፣ አሁንም እወድሃለሁ። አንደኛውን ብተወው እንዴት ባረፍኩ።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ፤ ከባድ ነገር እንዳታነሳ ንገራት። ለባለቤትህ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቤቱን ላቆመችው፣ ሰላምታዬ ይድረሳት። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አጎታችሁ አያስፈራም በላቸው። አክስታችንን እንደምን ነሽ በልልኝ። ለመካኒኩ ሰላምታም ስድብም አለኝ፣ የቱን እንደሚወስድ ራሱ ይምረጥ።

ለማሙሽ ሰላምታ አታድርስልኝ። ለእሱ የጻፍኩት ከዚህ ወረቀት ጀርባ አለ። አንተም እማዬም እንዳታነቡለት። በሁለት እጁ ይዞ ራሱ ያንብበው።

ታናሽህ

ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፲፪ ቀን