የጋሽ መዳፍ አሥራ አራት ወር

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽስ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም መሀል ላይ ቁጭ በይ እያለ ይለምንሻል? ዓይንሽስ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ያስገባልሻል ወይስ በየደቂቃው ሚጢጢን እየጠራሻት ነው? ወንድሜ ባለፈው ሲደውል ደህና ናት ብሎኛል፤ ግን እሱ አልጋ ላይ ብትውዪም ደህና ናት የሚል ሰው ስለሆነ አላመንኩትም። አንቺው በእጅሽ ጻፊልኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። ወፍራለች ብለው ካወሩልሽ እሱ እውነት ነው፤ ሌላውን አትስሚ።

ከወር በላይ ድምፄ የጠፋው ረስቼሽ አይደለም። አንድ ያሳፈረኝ ነገር ሠርቼ ነበር፤ እሱን ሳልነግርሽ ስለ አየሩና ስለ ቤት ኪራዩ መጻፍ አቃተኝ። ዛሬ ሁሉንም ልዘረግፍልሽ ነውና ስፌትሽን አስቀምጪና ተመቻችተሽ ተቀመጪ።

አሁን የምሠራው የማሽን መለዋወጫ የሚያመርት ወርክሾፕ ውስጥ እንደሆነ ነግሬሻለሁ። የኤሌክትሪኩ ነገር በኔ ላይ ነው፤ አንዱ ማሽን ሲቆም የሚጠሩት እኔን ነው። መግቢያው በር አጠገብ በዕድሜ የምትበልጠኝ አንዲት ሲኤንሲ ፍሬዛ አለች። ፍሬዛ ማለት እማዬ፣ ብረቱ ጠረጴዛ ላይ ይታሰርና ከላይ የሚሽከረከር መቁረጫ እየፋቀ ቅርፅ ያወጣለታል። ሲኤንሲ የሚሏት ደግሞ ጠረጴዛው ወዴት መሄድ እንዳለበት በኮምፒውተር የተጻፈላትን እያነበበች በራሷ ስለምታንቀሳቅሰው ነው። እንዲህ አዋቂ ሆና ታዲያ የመቁረጫውን ፍጥነት መቀየር አታውቅም። ፍጥነት ሲያስፈልግ ሰው ያቆማታል፣ ከላይ ያለውን ክዳን ይከፍታል፣ ሞተሩን ከመቁረጫው የሚያያይዘውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ደረጃ ደረጃ ካለው መንኮራኩር፣ ከፑሌጃው፣ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው በእጁ ያሻግራል፣ ዘግቶ ያስነሳታል። አንቺ የስፌት መኪናሽን ፔዳል ረገጥ ስታደርጊ መርፌው ይሮጣል፣ ለቀቅ ስታደርጊው ቀስ ይላል አይደል? እሷ ፔዳል የላትም በይው። እኔ እንድሠራላት የታዘዝኩት ያንን ፔዳል ነው።

በእሷ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩ ሰው አሉ። ሁሉም ጋሽ መዳፍ ነው የሚሏቸው። ማሽኗ ስትሠራ ቀኝ መዳፋቸውን ከሞተሩ ሥር ጣል ያደርጋሉ፤ እናት የልጇን ግንባር እንደምትዳስስ ዳስሰው ጤንነቷን ያውቃሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ቱታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ለቀልድ ሲሆን እንጂ ብዙ አይናገሩም።

አለቃችን ወጣት ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ሁለታችንንም ቢሮው ጠርቶ ቁርጡን ነገረን። ትልቅ ትእዛዝ መጥቷል፤ ማሽኗ ፍጥነቷን ከኮምፒውተሩ እየተቀበለች መቀየር ከቻለች ትቆያለች፤ ካልቻለች ለብረት ለቃሚ ትሸጣለች፣ ጋሽ መዳፍም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ለጡረታ የቀራቸው አሥራ አራት ወር ብቻ ነው። ያንን ሳይሞሉ ከወጡ ሙሉ ጡረታቸውን አያገኙም፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ማን ይቀጥራቸዋል? ከቢሮው ወጥተን ማሽኗ ጋ ስንደርስ፣ ልጄ፣ እቺ እንደ አማት ናት፣ ዕቃዋን ሲነካኩባት አትወድም፣ አሉኝ። እኔ ሞኟ ሥራዬን የናቁብኝ መስሎኝ አኮረፍኩ።

አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። የሞተሩን ፍጥነት ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሳጥን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩ። ከኮምፒውተሩ ወደ ሳጥኑ ቀጭን ሽቦ ዘረጋሁ፤ በዚያ ሽቦ ትንሽ ቮልት ሲመጣ ሞተሩ ቀስ ይላል፣ ሲበዛ ይፈጥናል። መጀመሪያ ላይ ቀጭኑን ሽቦ ከሞተሩ ወፍራም ገመድ ጋር አብሬ አስሬው ፍጥነቱ ዝም ብሎ ይዘል ነበር። ለይቼ በሌላ ቱቦ ሳሳልፈው አደብ ገዛ። ቺንጋውን ከእንግዲህ ማንም አይነካውም፣ መካከለኛው እርከን ላይ ይኑር ብዬ ሒሳቡን ሁሉ በዚያው ሠራሁ። በመጨረሻው ቀን ፑሌጃውን ላጽዳው ብዬ ቺንጋውን አወጣሁት፤ ስመልሰው ሳላስተውል ፈጣኑ እርከን ላይ ከትቼዋለሁ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔማ ክዳኑን ዘግቼ፣ ብሎኑን አጥብቄ፣ ራሴን አድንቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ሥራ ሁሉ ቆሞ ሠራተኛው ከበበን፤ አለቃችንም ነበር። የደንበኛው ብረት ጠረጴዛው ላይ ታሰረ። ጋሽ መዳፍ መቁረጫውን አስገብተው አጠበቁ፣ ማሽኗን አስነሱ፤ ስክሪኑ በደቂቃ ስድስት መቶ ዙር አለ። መዳፋቸውን ጣል ሲያደርጉ ፊታቸው ተለወጠ። ይሄ ስድስት መቶ አይደለም ልጄ፣ ይሮጣል፣ አሉ። እኔ ደግሞ ስክሪኑን በጣቴ እየጠቆምኩ፣ ጋሼ፣ የምናምነው ይሄንን ነው ወይስ የእርስዎን እጅ? አልኳቸው። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። አለቃችን ቀጥሉ አለ፤ እሳቸውም ቀጠሉ። መቁረጫው ብረቱን ነክቶ ጥቂት እንደሄደ ጮኸ፣ ጨሰ፣ ጫፉ ሰማያዊ ሆነና ቋ ብሎ ተሰበረ። ብረቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ጉድጓድ ቀረ።

አለቃችን በቁጣ ወደ እሳቸው ዞረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያሰሩትን መቁረጫ ዛሬ በደንብ ማሰር አቃተዎት? አላቸው። ማሽኗን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ እርስዎ ዓርብ ቁልፍዎን ያስረክቡ አለ። ጋሽ መዳፍ አንዴ ብቻ ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ ከዚያ የብረት ብናኙን በመጥረጊያ መሰብሰብ ጀመሩ። እማዬ፣ እኔም ዝም አልኩ። ጥፋቱ የመቁረጫው እንዳልሆነ ልቤ ነግሮኝ ነበር፤ ግን ገና በሙከራ ላይ ያለሁ የሦስት ወር ሠራተኛ ነኝ፣ እንዳያባርረኝ ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

በነጋታው ማንም ሳይገባ ቀድሜ ደርሼ ክዳኑን ከፈትኩ። ቺንጋው ፈጣኑ እርከን ላይ ተቀምጧል። ስክሪኑ በመካከለኛው እርከን ሒሳብ ስድስት መቶ ሲል መቁረጫው እጥፉን ሊዞር ምንም አልቀረውም ነበር። ቺንጋውን መልሶ ማስተካከል የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ አስተካክዬው ብዘጋ ማንም አያውቅም። መፍቻውን አንስቼም ነበር፣ አልዋሽሽም። ያን ጊዜ የሙሽራዋን ቀሚስ እጅጌ አሳጥረሽ የቆረጥሽበት ቀን ትዝ አለኝ። ሳይጠሩሽ ቀሚሱን ክንድሽ ላይ ጥለሽ በራቸው ድረስ ሄድሽና፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ አልሽ። እኔ ከኋላሽ ነበርኩ፤ ልንገርሽና፣ ያን ቀን አፍሬብሽ ነበር።

መፍቻውን አስቀምጬ፣ የተሰበረውን መቁረጫ ይዤ አለቃችን እስኪመጣ በር ላይ ቆምኩ። እንደመጣ ወደ ማሽኗ ወስጄ ቺንጋውን አሳየሁት። እኔ ነኝ፣ እሳቸው ትክክል ነበሩ፣ አልኩት። ፊቱ ቀላ። ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገርሽም? ሲለኝ የተሰበረውን መቁረጫ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። የሙከራ ጊዜዬን በሦስት ወር አራዘመብኝ፤ እኔ የነካሁት ማሽን ሁሉ ጋሽ መዳፍ ዳስሰው እሺ ሳይሉ እንዳይነሳ አዘዘ። ከዚያ ራሱ ሄዶ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ቺንጋውን ቦታው መለስኩት፣ ዙሩን በመለኪያ ለካነው፤ አምስት መቶ ዘጠና ስምንት። ጋሽ መዳፍ ግን መለኪያውን ዞር ብለው አላዩትም። መዳፋቸውን ጣል አደረጉና፣ አሁን ነው፣ አሉ። የደንበኛው ሥራ እስከ ማታ ድረስ ያለ አንድ ጭረት ወጣ።

የዚያኑ ዕለት ምሳ ሰዓት ላይ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገባሁ። ጋሽ መዳፍ ቀድመው በፌስታል ያሰሩትን ዕቃ፣ ኩባያቸውን፣ መነጽራቸውን፣ አሮጌ ሹራባቸውን፣ ወደ ቁም ሳጥናቸው እየመለሱ ነበር። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም ሹራቡን እያጠፉ፣ ቺንጋውን እኮ ትናንት ከሥራ ስንወጣ ክዳኑን ከፍቼ አይቼዋለሁ፣ አሉኝ። ታዲያ ለምን ለአለቃችን አልነገሩም? አልኳቸው። ለእኔ የቀረኝ አሥራ አራት ወር ነው፣ ለአንቺ ገና ዕድሜሽ ሙሉ ነው፣ አሉ። እሺ፣ ለምን ራስዎ አስተካክለው አልዘጉትም? ስላቸው፣ እኔ ባስተካክለው አንቺ መቼ ታዪው ነበር? አሉኝና ምሳቸውን ሊበሉ ወጡ።

እማዬ፣ ሰው ሁሉ ልጅሽ ሐቀኛ ናት ቢልሽ ዝም ብለሽ አትቀበይ፤ አንድ ሙሉ ቀን የቆየችበትን ንገሪልኝ። ያን ቀን ጋሽ መዳፍ እኔን ያዩኝ በቁጣ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እሳቸው ጥፋቱን ሊሸከሙልኝ ያኔውኑ ወስነው ነበር፤ የሚያዩት እኔን እንጂ ጡረታቸውን አልነበረም።

አባባን ጉልበቱን ስሚልኝ፤ ሬዲዮኑን እኔ እስክመጣ አይፍታው፣ መጥቼ እሠራለታለሁ። ሾፌሩን ወንድሜን ቀስ ብለህ ንዳ በይልኝ፣ ባለቤቱንና የተወለደውን ሕፃን ሳሚልኝ። ሚጢጢን ሒሳቧን ሁለቴ ሳታይ ደብተሯን እንዳትዘጋ ምከሪያት። አንቺን ደግሞ ያን የሙሽራዋን ቀሚስ ቀን ስላፈርኩብሽ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ልጅሽ፣
ከወርክሾፑ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር ፱ ቀን